ሲስተር ቅዳሜ ትምህርት አለባት

ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የቀጣዩ ወር የዱቲ ፕሮግራም ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ነርሶቹ ወዲያው ይከቡታል። ጣታቸውን በስማቸው መስመር ላይ እያስኬዱ አዳራቸው የትኛው ቀን ላይ እንደ ወደቀ ያያሉ። ከዚያ ድርድር ነው። «የቅዳሜን ያዢልኝ፤ የእሁድን አዳር እኔ እገባልሻለሁ።» «የበዓሉን ዱቲ ልውሰድልሽ፤ አንቺ የፈተናዬን ሳምንት ሸፍኚልኝ።» ገናን ወይም ፋሲካን ተረኛ ሆና ልታሳልፍ በገዛ ፈቃዷ የምትጠይቅ ነርስ ካጋጠመቻችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሲስተር ቅዳሜ ትምህርት አለባት።

እነዚህ ነርሶች አዲስ ጀማሪዎች አይደሉም። በዲፕሎማ ተመርቀው፣ የሙያ ፈቃድ አውጥተው፣ አምስትም አሥርም ዓመት ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። አሁን ለመጀመሪያ ዲግሪ ይማራሉ። በሥራ ቦታ ቋንቋ «አፕግሬድ እያደረገች ነው» ይባላል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ ወደ የትኛውም ጤና ተቋም ብትገቡ እንዲህ የሚባልላት፣ የሚባልለትም አታጡም።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን በሦስት አቅጣጫ ይዘዋታል። ሰበታ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ትገኛለች። ቡራዩ ከአስኮ ቀጥላ በአምቦ መንገድ፣ አዲስ አበባን ለዘመናት ውኃ ያጠጣው የገፈርሳ ግድብ አጠገብ ናት። ሱሉልታ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ተወጥቶ፣ እንጦጦ ታልፎ፣ በጎጃም መንገድ ብርዳማው ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል እነዚህንና ሌሎች የዙሪያ ከተሞችን በአንድ አስተዳደር አድርጎ ሸገር ከተማን መሠረተ። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲወደድበት የወጣው፣ ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የገባው፣ ከመሬቱ ሳይነቀል ከተማ የደረሰበት ገበሬ፣ ሁሉም እዚህ ጎረቤታሞች ሆነዋል። በአገራችን የጤና መዋቅር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000፣ የከተማው 40,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ከተማውም ገጠሩም በአንድ በር በሚገቡበት በእነዚህ ቦታዎች፣ በአንድ ጧት ጣቱን ማሽን የያዘው የፋብሪካ ሠራተኛና ከሩቅ ቀበሌ ምጥ ይዟት የመጣች እናት በአንድ ነርስ እጅ ሊያልፉ ይችላሉ። ታሪካቸውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ ሕመም በእንግሊዝኛ ትማራለች።

የትምህርቱ መንገድ በታክሲ ይጀምራል። ከሰበታ ተነስቶ በዓለም ገና፣ በወለቴና በአየር ጤና የሚመጣው ታክሲ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ወራጅ የሚለው ሁሉ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ጥንት የማን መታሰቢያ እንደ ነበረ አያውቅም፤ ነርሶች ግን ሊያውቁት ይገባል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲከፈት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ የጣሊያን ወረራ ቤተሰባቸውን እንግሊዝ አገር ባሰደደ ጊዜ፣ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 የተመዘገቡ የሕጻናት ነርስ ሆኑ። እዚህ ላይ አላቆሙም። ሁለተኛ ሥልጠና ለመጨመር ጋይስ ሆስፒታል ገቡ፤ ጦርነቱ ለንደን ላይ ሲወርድም ሕሙማን ሲያስታምሙ ቆዩ። አገር ነጻ ሲወጣ ተመለሱ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ግን ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው አረፉ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለመታሰቢያው ሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰብ ደክመዋል።

ይህን ያነሳሁት ለንጉሣውያን ታሪክ ብዬ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ የተመዘገቡ ኢትዮጵያውያን ነርሶች አንዷ፣ ምዝገባውን ይዘው «ይበቃኛል» አላሉም። የሞቱትም ዛሬ አንድ በሚገባ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሊደርስበት በሚችል የሕመም ዓይነት ነው። ከሰበታ አዳሯን ጨርሳ፣ ዩኒፎርሟን ቦርሳ ውስጥ ከትታ፣ በዚያ ሆስፒታል በር ወደ ክፍል የምታልፈው ነርስ የዚያው መንገድ ተከታይ ናት።

ትምህርቱ በአገር ውስጥ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዛሬ የካቲት 12 በሚባለው ሆስፒታል ቀይ መስቀል ባቋቋመው የነርሶች ትምህርት ቤት ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁን ከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ነርስነት ከሆስፒታል ግቢ ወጥቶ መንደር ገባ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት አገሪቱ ቶሎ ብዙ ነርስ ያስፈልጋት ስለ ነበር የዲፕሎማው መንገድ ሰፋ። አሁን ቅዳሜ ክፍል የሚሞሉት አብዛኞቹ የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው፣ ለ11ኛ የሚያበቃ ነጥብ ሳያገኙ ወይም ቤተሰብ ለመርዳት ቶሎ ሥራ መያዝ ስላለባቸው የጤና ኮሌጅ ገቡ፤ ሦስት ዓመት ተምረው፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፈው፣ በደረጃ 4 ወጡ። ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። በእርሱ ተለይተው የቀሩት ግን ጤና ጣቢያውን ተሸክመው አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሳሉ የተወሰነባቸውን ነገር ሠላሳ ሲሆናቸው ያስተካክላሉ።

ታዲያ ዲግሪው ምን ይጨምራል? ጥያቄውን ብዙ ሰው ያነሳዋል፤ አንዳንዱም በንቀት፣ «ያው መርፌ ነው የምትወጋው» እያለ። መልሱ ቀላል ስላልሆነ አንድ መድኃኒት ላይ ቆም ብለን እንየው።

ነፍሰ ጡሯ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ራሷን አሟት፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት መጥታ ማንዘፍዘፍ ጀመራት እንበል። ኤክላምፕሲያ ነው። ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን የማግኒዚየም ሰልፌት መጠን ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ይልካታል። ሪፈር እስኪሳካ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ጊዜው ከረዘመና ተከታዩ መጠን የሚሰጥበት ሰዓት ከደረሰ፣ ነርሷ ወይም አዋላጇ ከመስጠቷ በፊት ሦስት ነገር ማየት አለባት። ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ፣ ጉልበቷ ሥር በትንሿ መዶሻ ሲመታ እግሯ እንዲፈናጠር። ይህን በዲፕሎማም ተምራዋለች። ግድግዳው ላይም ተለጥፏል። እጇ ያውቀዋል።

ለምን ጉልበት? ለምን ሽንት? ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ካነሰ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን መልእክት ያደክማል፤ በዚህ መዳከም ቀድሞ የሚጠፋው የጉልበት ምላሽ ነው፤ ትንፋሽ የሚቆመው ከዚያ በኋላ። ስለዚህ እግሯ አልፈናጠር ሲል እናቲቱ ገና እየተነፈሰች፣ ገና እያወራች ሳለች አደጋው ደርሷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ይዘጋጃል። «ለምን»ን የምታውቅ ነርስ፣ ካቴተሩ ላይ ያለው ሽንት ማነሱን ስታይ መዶሻውን ሳትፈልግ መጠርጠር ትጀምራለች። ግድግዳው ላይ ያልተጻፈ ሁኔታ ሲገጥማትም ማሰቢያ አላት። ዲግሪው በትክክል ከተሰጠ የሚጨምረው ይህን ነው፤ ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባሉት ኮርሶች ሸክማቸው ከዚህ በላይ ትርጉም የለውም።

በሌላ በኩል፣ ክፍል ውስጥ ከእርሷ ጎን ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ የገባ ወጣት ተማሪ ቢቀመጥ እርሱ የማያውቀውን ታውቃለች። ተቅማጥ ያደረቀውን ሕጻን ደም ሥር በመጀመሪያው ሙከራ ማግኘት፣ በደቂቃ 42 ጠብታ መውረድ ያለበትን አንድ ሊትር ግሉኮስ በሰዓቷ ብቻ አስተካክላ መተው፣ የሁለት ዓመት ሕጻን ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥራ 40 ሲሞላ ለሳንባ ምች መጠርጠር፣ ይህ ሁሉ የዕለት ሥራዋ ነው። እንዲህ ያለችዋን ነርስ እንደ ጀማሪ ከመርፌ አያያዝ የሚያስጀምር ኮሌጅ ጊዜዋንም ገንዘቧንም ያባክናል። በእኔ እምነት የአፕግሬድ ትምህርት መጀመር ያለበት ነርሷ ስትሠራው ከኖረችው ነገር ነው፤ ከዚያ ተነስቶ «ለምን»ን መፈለግ።

ውጤቱ በጥናት የታየባቸው አገሮች አሉ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት 168 ሆስፒታሎችን መርምረው፣ የዲግሪ ነርሶች ድርሻ 10 በመቶ በጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 5 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎችና ከ420,000 በላይ ሕሙማን ላይ ተጠንቶ ቅናሹ 7 በመቶ ሆነ። እነዚህ ጥናቶች ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያሉ እንጂ ዲግሪው ብቻውን አዳነ አይሉም፤ ሆስፒታሎቹም የእኛ አይደሉም። ቢሆንም ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ የሚመዘገብ ነርስ በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን እንዲይዝ አስገድዳለች። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን መንገድ በደንብ ያውቁታል። በረዳት ነርስነት ጀምረው፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝጋቢ ነርስ ሆነው፣ ከዚያ በሌሊት ሥራ መሀል ኮምፒውተር ከፍተው ዲግሪውን የጨረሱ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ እዚያ ቀጣሪው ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የትምህርቱን ክፍያ ይደግፋል።

እዚህ ክፍያው ከነርሷ ኪስ ነው። ታክሲው፣ ምሳው፣ ፎቶ ኮፒው፣ ልጅ የምትጠብቀው እኅት ወይም ጎረቤት ይጨመራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን አታችመንቱ፣ ማለትም የሆስፒታል ልምምዱ ነው። የክፍሉ ትምህርት ለቅዳሜና እሁድ ቢመችም የዎርድ ልምምድ በሳምንት መጨረሻ ብቻ አይሆንም፤ ጧት ራውንድ ያለው፣ ሕሙማን የሚታዩት፣ አስተማሪው የሚገኘው በሥራ ቀን ነው። የአእምሮ ሕሙማንን ነርሲንግ ለመማር አማኑኤል ሆስፒታል መዋል ያስፈልጋል። ቡራዩ ያለችዋ ነርስ ለአንዱ ዕድለኛ ናት፤ የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ደጇ ላይ ነው። ለቀረው ግን የዓመት ፈቃዷን ለልምምድ ትጨርሰዋለች። ዓመት እስከ ዓመት አንድ ቀን ያላረፉ ነርሶች አሉ፤ ይህ ለሕሙማኑም አያዋጣም። ጤና ጣቢያዎች በሥራ ላይ ያለን ነርስ ለልምምድ ሳምንታት በደብዳቤ ቢለቁ፣ ሆስፒታሎችም የአካባቢያቸውን የጤና ጣቢያ ነርሶች ቅድሚያ ሰጥተው ቢቀበሉ ብዙ ነገር ይቀልላል። ነርሷ ተምራ የምትመለሰው እዚያው ነው።

ቀጥሎ ፈተናው አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም በግልም ተቋም ይማር፣ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ሳያመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ አለፉ። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት ዘርፎች ነው እንጂ የነርሲንግ ብቻ አይደለም። ግን እየሠሩ የሚማሩ ነርሶች በብዛት ያሉት በግሎቹ ውስጥ ስለሆነ ድንጋጤው ወደ ጤና ጣቢያዎቹም ገባ። የሙያ ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የራሱ ምዘና አለው።

ፈተናውን የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን እደግፈዋለሁ፤ ዓመታት ገንዘቧን ተቀብሎ ሲያበቃ ፈተና ላይ የሚጥላት ኮሌጅ ነው ተጠያቂ መሆን ያለበት። ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት ነርሷ የምታጣራው ነገር የሕይወቷን ሦስት አራት ዓመት ይወስናል። እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ባለው ካምፓሱ ነርሲንግን ለማስተማር ቢፈቀድለት፣ ያ ፈቃድ ሰበታ ወይም ቡራዩ ላለው ቅርንጫፉ አይሠራም። ለፋርማሲ የተሰጠው ለነርሲንግ አይሆንም። ይህን ከኮሌጁ ሬጅስትራር ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው መጠየቅ። ለቤቷ ቅርብ ነው ተብሎ እውቅና የሌለው ቅርንጫፍ ውስጥ የገባች ነርስ የምታገኘው ወረቀት ማንም የሰው ኃይል ክፍል አይቀበለውም። ከዚያም የደረጃ 4ቱንና የሲኦሲውን ማስረጃ፣ የሥራ ልምዱን ደብዳቤ ቀድሞ አረጋግጦ መያዝ ነው፤ መጨረሻ ላይ ማስረጃ ሲመረመር አንዷ ወረቀት ብትጎድል የተማሩት ሁሉ ይታገዳል።

ሁሉን አልፋ ስትመረቅስ? ፎቶ ትነሳለች፣ ቤተሰብ ይደሰታል፣ ሰኞ ማስረጃዋን ይዛ ወደ ሰው ኃይል ትሄዳለች። እዚያ የምትሰማው «መደብ የለም» ወይም «በጀት ሲፈቀድ» ሊሆን ይችላል። ዲግሪ ይዘው በዲፕሎማው መደብና ደመወዝ የሚሠሩ ነርሶች በየቦታው አሉ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ መደቡ ያልተቀየረላት ነርስ ግን ይህን ከሩቅ ነው የምታየው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን አደባባይ ሲያወጡ ከጀርባው እንዲህ ያለ የተጠራቀመ ቅሬታ ነበር። መንግሥት ሳያወጣበት የተማረ ባለሙያ አግኝቶ መደብ መከልከሉ ትክክል አይደለም። ብሩ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሌላው ደግሞ የምትመደብበት ሥራ ነው። ተረኞችን የምትመራ፣ የነርሲንግ ፕሮሰሱን፣ ማለትም ሕሙሙን መገምገሙን፣ ችግሩን መለየቱን፣ ዕቅዱን፣ ሥራውንና ውጤቱን ካርዱ ላይ በትክክል መጻፉን የምትከታተል፣ አዲስ የመጡትን የምታሠለጥን ሰው ትፈለጋለች። የተማረችውን የምትሠራበት ቦታ ካልተሰጣት ያንን «ለምን» ማንም አይጠይቃትም፤ ከጊዜ በኋላ ራሷም ትተወዋለች።

መደብና በጀት እስኪፈቀድ ሳይጠበቅ፣ ነገ ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር አለ። ነርሶቹ ከመመረቃቸው በፊት የምርምር ጽሑፍ ይሠራሉ፤ በቅዳሜ ትምህርት ከሁሉ የሚፈሩትም እርሱን ነው፤ ስታቲስቲክሱ፣ መጠይቁ፣ ከአማካሪው ጋር መመላለሱ። ብዙዎቹ የሚመርጡት የሚያውቁትን ችግር ነው። የደም ግፊት ታካሚዎች ክትትል ለምን እንደሚያቋርጡ፣ እናቶች ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የእርግዝና ክትትል ለምን እንደማይመለሱ፣ በመርፌ የመወጋት አደጋ ሠራተኛውን ስንት ጊዜ እንደሚደርስበት ያጠናሉ። መረጃውን የሚሰበስቡት ከራሳቸው ጤና ጣቢያ፣ ከራሳቸው ታካሚዎች፣ ብዙ ጊዜም የአዳር ዱቲያቸው ካለቀ በኋላ ነው። ጽሑፉ ይጠረዛል፤ አንዱ ቅጂ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ አንዱ እቤት ይቀመጣል። ሦስተኛ ቅጂ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ይሰጥ። ሰኞ ጧት በሚደረገው ስብሰባ ላይ ነርሷ 20 ደቂቃ ይሰጣትና ስለ ቤታቸው ያገኘችውን ለባልደረቦቿ ታንብብላቸው።